ያረጀ አማካይ ሥራው አልቋልን?

ጂቡቲ ከተማን ያገራችን ሰው የሚያውቃት በወደቧና በሙቀቷ ነው። በእግር ኳሷ የሚያውቃት ግን ተፈልጎም እምብዛም አይገኝ። እኛም በ2022 መጀመሪያ ላይ ለሥራ ጉዳይ ወደዚያች ከተማ እስከተላክንበት ጊዜ ድረስ ከማያውቁት ወገን ነበርን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይረዳልን።)

ከከተማው መውጫ ላይ ፔካ ዱዝ የሚባል ሠፈር አለ። ትርጓሜው አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ወደ ወደቡ ለመግባት ተራ የሚጠብቁት የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች የሚሰለፉት በዚያ በኩል ነው። ማምሻውን፣ ፀሐይዋ ዘወር ስትል፣ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ከሠፈሩ ልጆች ጋር በጠጠሩ ላይ ኳስ ይጋጠማሉ። ግቡ በሁለት ያረጁ ጎማዎች የተከለለ ነው። እኛ በደረስንበት ምሽት በመሐል ሜዳው ላይ አንድ ጠጉሩ ገባ ገባ ያለ ሾፌር ቆሞ ነበር። «ቆሞ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ስንመለከት ሰውየው ሲሮጥ ያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኳሷ እርሱን ሳትነካ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያለፈችበት ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ከእግሩ ስትወጣም ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት ቦታ ነበር። ዙሪያውን ያሉት ጎረምሶች በላብ ተጠምቀው ሲያለከልኩ እርሱ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ያመለክታል።

ጨዋታው ሲያበቃ አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። የድሬዳዋ ልጅ መሆኑን ከንግግሩ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም። የድሬዳዋ ሰው እንደሚታወቀው አንቱታ የሚባለውን ነገር ባቡር ጣቢያው ላይ ጥሎት ነው የሚሳፈረው፤ መኮንንም ሆነ ሹም ለእርሱ «አንተ» ነው።

«አቦ አንተ፣ ሶንግን ታውቀዋለህ?» አለን።

«የአርሰናሉን?»

«አዎና! እዚሁ እኮ ነው ያለው፤ እዚሁ ከተማ ነው የሚጫወተው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አርጅቶ ነው የመጣው ይሉታል። እኔ አርባ አንድ ሞልቶኛል። እርሱ አርጅቶ ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው?»

ለቀልድ ያህል የተናገረው ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልቀረልንም። ከጂቡቲ ከተመለስን በኋላም በራሳችን የጦር ሠፈር ውስጥ ስለ ደረሰ አንድ ጉዳይ ደጋግመን እንድናስብ አድርጎናል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ሰውየው እንናገር።

አሌክሳንደር ሶንግ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1987 በካሜሩን በዱዋላ ከተማ ተወለደ። ለረጅም ዘመን የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን ምሰሶ የነበረው የሪጎበርት ሶንግ ዘመድ ነው። ከፈረንሳዩ ባስትያ ወደ እንግሊዙ አርሰናል በተሻገረበት በ2005 ክረምት ገና አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያም እስከ 2012 ቆየ። የተመደበበት ቦታ ከተከላካዮች ፊት ለፊት ሲሆን፣ ሥራውም የተቃራኒን ጥቃት ከሥሩ ማፍረስ ነበር። በመጨረሻው የውድድር ዘመን ግን ሌላም ነገር አሳየ። ከመሐል ሜዳ በተከላካዮች አናት ላይ አሳልፎ ለሮቢን ቫን ፐርሲ የሚጥልለት ኳስ ብዙ ግብ አስገኝቷል። ባርሴሎና በኦገስት 2012 ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደውም ይህን ካየ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሶንግ ባርሴሎና ሲገባ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ይህ ለአንድ አማካይ የጉልበትና የአእምሮ መጋጠሚያ የሆነ ዕድሜ ነው። ሆኖም በዚያ ቦታ ሰርጂዮ ቡስኬትስ ነበርና ሶንግ አብዛኛውን ጊዜ በተቀያሪ ወንበር ላይ አሳለፈ። በ2013 የስፔን ሻምፒዮና ቡድን አባል ሆነ፤ ሜዳሊያውን አጠለቀ፤ ጨዋታው ግን እየራቀው ሄደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2020፣ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ፣ ብዙ እንደማይሰለፍ ሲነገረው በዚያን ሰዓት የታየው የሚያገኘው ገንዘብ እንደነበረ በግልጽ ተናግሯል። እንዲህ ብሎ የሚናገር ተጫዋች ጥቂት ነው፤ ለቅንነቱ እናመሰግነዋለን። ምርጫው ግን ዋጋ አስከፍሎታል ብለን እናምናለን።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። በ2014 ለዌስት ሃም በውሰት ተሰጠ። በዚያው ዓመት ጁን 18 ቀን በብራዚል በማናውስ ከተማ ካሜሩን ከክሮኤሽያ ጋር ባደረገችው የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ኳስ በሌለበት ማንጁኪችን ከኋላው በክርኑ መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ካሜሩን 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ2015 መግቢያ ላይ ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን አገለለ፤ ያኔ ዕድሜው 27 ነበር። ወደ ሩሲያው ሩቢን ካዛን፣ ከዚያም ወደ ስዊዘርላንዱ ሲዮን ተዛወረ። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሮችን ባስቆመ ጊዜ ሲዮን ደመወዛችሁ ይቀነስ ብሎ ያቀረበውን ሐሳብ ያልተቀበሉ ዘጠኝ ተጫዋቾችን ሲያሰናብት ሶንግ አንዱ ነበር። በኖቬምበር 2020 አርታ ሶላር 7 ከተባለው የጂቡቲ ክለብ ጋር የሁለት ዓመት ውል ፈረመ።

በዚያው በማናውስ ሜዳ ላይ ከተቃራኒው ወገን የመሐል ሜዳውን ይመራ የነበረው ሉካ ሞድሪች ነው። ሞድሪች የተወለደው በሴፕቴምበር 9 ቀን 1985 ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ ሞድሪች ግን ሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ወደ ስፔን የገባውም ሶንግ በገባበት በዚያው በኦገስት 2012 ሲሆን፣ እርሱን የወሰደው ሪያል ማድሪድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማርካ የተባለው የስፔን ጋዜጣ አንባቢዎቹን «የዘመኑ መጥፎ ግዢ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንደኛ የወጣው ሞድሪች፣ ሁለተኛ የወጣው ሶንግ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ በር ላይ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ዓይነት ስድብ ነው የተነሡት።

ታላቅየው በ2018 ክሮኤሽያን እስከ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የወርቅ ኳስ አገኘ። በ2022 በ37 ዓመቱ አገሩን ለሦስተኛ ደረጃ አበቃ። ከማድሪድ የወጣው በ2025 ነው፤ የሄደውም ወደ ሚላን ሲሆን አርባኛ ዓመቱን የደፈነው የሚላንን ልብስ ለብሶ ነው። ታናሽየው በ33 ዓመቱ ጂቡቲ ደርሶ በ2023 ከእግር ኳስ መሰናበቱን ገለጸ። እኛ ይህን የምንጽፈው ሶንግን ለማሳነስ አይደለም። ያረጀ ተጫዋች ሲባል ብዙ ጊዜ የልደት ቀን ብቻ እየቆጠርን መሆኑን ለማሳየት ነው። የልደት ቀን ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ከሁለቱ ቀድሞ መውጣት የነበረበት ሞድሪች ነበረ።

ይህን ስንል ሥጋ አያረጅም ማለታችን አይደለም። አንድ አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሮጣል። ከሠላሳ ዓመት ወዲያ ልብ በደቂቃ የሚመታው ከፍተኛ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነት ከአየር የሚወስደው ኦክስጅን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እያነሰ ይሄዳል። ልምምዱን የማያቋርጥ ሰው ይህን ጉድለት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ረጅሙን ርቀት የመሮጥ ችሎታ ሳይሆን የአጭር ርቀት ፍጥነቱ ነው፤ አሥር ሜትር ላይ ተወርውሮ መድረስ፣ ወድቆ ቶሎ መነሣት፣ ዞሮ መከተል። ቁስልም ቶሎ አይሽርም። በጦር ሠራዊት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ከሐኪም መስማት አያሻውም። ተራራ የሚወጣ ሃምሳ አለቃ ከጎኑ ካለው ምልምል ወታደር ኋላ አይቀርም ይሆናል፤ በማግስቱ ጠዋት ጉልበቱን ሲያሽ የሚታየው ግን እርሱ ነው።

የማይሄደው ነገር ዓይን ነው። ዓይን ስንል የብርሃኑን ኃይል ማለታችን አይደለም፤ ኳሷ ሳትመጣ በፊት ቀና ብሎ ከኋላ ማን እንዳለ፣ በግራ የትኛው ቦታ እንደ ተከፈተ የማየት ልማድ ነው። ይህን የተካነ ተጫዋች ኳስ ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ጨርሷል። ፈጣኑ ወጣት በእግሩ ያተረፈውን አንድ ሰኮንድ እርሱ በአንገቱ ያተርፈዋል። ስለዚህም ክንፍ ተጫዋች ፍጥነቱ ሲቀንስ ወዲያው ሲታወቅበት አማካይ ግን ጥቂት ዓመታት ይጨመሩለታል።

ሆኖም ይህ የሚሆነው ዙሪያውን የቆሙት ሲያግዙት ነው። የኢጣሊያው አንድሬያ ፒርሎ በ2011 በ32 ዓመቱ ከሚላን ሲለቅ ዩቬንቱስ ያለ ምንም የዝውውር ክፍያ ወሰደው። ዩቬንቱስ በጠቅላላው የ2011-12 የሊግ ውድድር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሁሉ ስለ ፒርሎ ያወራሉ። እኛ ግን በግራና በቀኙ ስለ ነበሩት ስለ ቪዳልና ስለ ማርኪዝዮ መናገር እንወዳለን። እነዚህ ሁለት ሰዎች የፒርሎን ሩጫ ሮጠውለታል። መድፍ ራሱ አይሮጥም፤ የሚጠብቀው እግረኛ ከጎኑ ከሌለ ግን በአንድ ሌሊት ይማረካል።

ተቃራኒውንም ማንሣት ፍርድ ነው። ጀርመናዊው ሎታር ማቴውስ የዘመኑ ታላቅ አማካይ ነበር፤ በ1990 አገሩ የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ አምበሏ እርሱ ነበር። በ2000 ለአውሮፓ ዋንጫ በ39 ዓመቱ እንደገና ተሰለፈ። ከአማካይነት ወደ ኋላ ተስቦ የተከላካዮች ጠባቂ ሆኖ ነበር። ጀርመን ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ብቻ ይዛ ከምድቡ የመጨረሻውን ደረጃ አገኘች። ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው ማለት ግፍ ይሆናል፤ ያ ቡድን ያረጀው በአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ በሜዳ ላይ መገኘቱ አሠልጣኞች የሚተካውን ሰው ሳይፈልጉ እንዲተኙ እንደሚያደርግ ያ ውድድር አሳይቷል።

ወደ ጂቡቲ እንመለስ። የጂቡቲ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ክለቦችን ስም ያነበበ ወታደር ራሱን በቤቱ ያገኘዋል። የጀንዳርሜሪው ክለብ አለ፤ የሪፐብሊክ ዘብ ክለብ አለ፤ የወደቡ፣ የቴሌኮሙ ክለብ አለ። ጠቅላላ ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነ አገር ውስጥ ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ሌላ እንጀራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ከባርሴሎና የመጣ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ከዘብና ከጀንዳርም ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋ ነበር ማለት ነው። ከእርሱም ሌላ ሴኔጋላዊው ዲያፍራ ሳኮና በ2012 ከቼልሲ ጋር የአውሮፓን የሻምፒዮኖች ዋንጫ ያነሣው ኮትዲቯራዊው ሳሎሞን ካሉ ወደዚያው ክለብ መጥተዋል።

ይህ ነገር በከተማው ውስጥ አከራክሯል፤ ሲያከራክርም በፔካ ዱዝ በጆሯችን ሰምተናል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ የእኛ ልጆች ቴሌቪዥን ውስጥ ብቻ ያዩት የነበረውን ሰው በዓይናቸው አዩት፤ ኳስ እንዴት እንደሚቆም፣ ሰውነት እንዴት እንደሚዞር ከአሥር ሜትር ርቀት ተማሩ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ ያ ገንዘብ ለሜዳ ቢውል ኖሮስ? ይላል። ሁለተኛው ወገን ባዶ እጁን አይደለም የሚከራከረው። በሴፕቴምበር 2021፣ ሶንግ ጂቡቲ ከገባ አሥረኛው ወር ላይ፣ የጂቡቲ ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አልጄሪያ ላይ ገጥሞ 8 ለ 0 ተሸንፏል። የራሱ ስታዲዮም ለዚያ ደረጃ ብቁ ነው ስላልተባለ «የሜዳው» የተባሉትን ጨዋታዎች ያደረገው ከአገር ውጪ ሄዶ ነው። የራስ ሜዳ በሌለበት የሌላ አገር ኮከብ ማምጣት ምን ይሉታል የሚለውን ጥያቄ እኛም ከልባችን እንጋራዋለን።

የሆነው ሆኖ ክለቡ በ2021ና በ2022 የአገሩ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2023 መጸው ደግሞ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማጣሪያ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኝቶ የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ 4 ለ 1 ተረትቶ በአንድ ግብ ልዩነት ወደቀ። ዛማሌክ ያንኑ ዋንጫ በሜይ 2024 ወሰደው። የዛማሌክን ስም የማያውቅ የኳስ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለ ክለብ በጂቡቲ ክለብ ፊት ሲንቀጠቀጥ ማየት ከዚያ ቀደም የሚታሰብ አልነበረም። ይህን ሶንግ አመጣው አንልም። ማስረጃ የሌለውን ነገር መጻፍ ልማዳችን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እንላለን፦ ታላቅን ተጫዋች በየቀኑ በልምምድ ላይ ሲገፋ የከረመ ልጅ፣ ዛማሌክ የሚለውን ስም በልብሱ ላይ ሲያይ ጉልበቱ አይርድም።

በነገራችን ላይ ጂቡቲ ከሶንግ በፊት ሌላ የመሐል ሜዳ ሰው አስተናግዳለች፤ ያም የእኛው ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ በ1935 በአሥመራ ተወለደ። በጃኑዋሪ 21 ቀን 1962 በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አምበል እርሱ ነበር፤ ከግብ አስቆጣሪዎቹ አንዱ ደግሞ ወንድሙ ኢታሎ ነው። ሉቻኖ ለድሬዳዋው የኮተን ቡድን ተጫውቷል፤ በብሔራዊ ቡድኑም እስከ 1970 ድረስ ቆይቷል። ስናሰላው፣ ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ አራት ነበር፤ በ2022 ሾፌሩ «አርጅቶ ነው የመጣው ይሉታል» ያለን የሶንግ ዕድሜ መሆኑ ነው። በ1978 ከአገር ሲሰደድ የወጣው በጂቡቲ በኩል ነው። ከዚያ ወደ ኢጣሊያ ተሻገረ፤ በሴፕቴምበር 2022 በ87 ዓመቱ በሮም አረፈ። ወሬው ሲሰማ እኛ ከጂቡቲ ከተመለስን ወራት አልፈው ነበር። ያንን የድሬዳዋ ሾፌር ባገኘነው ብለን ተመኘን፤ አባቱ የኮተን ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበሩና የቡድኑን ጨዋታ ሳያዩ የሚያልፉበት እሑድ እንዳልነበረ ነግሮን ነበርና። የዋንጫውን አምበል ያህል ሰው በስደት መሸኘቱ፣ ያ ዓይንና ያ ልምድ ለአንድ የድሬዳዋ ወይም የአሥመራ ልጅ ሳይተላለፍ ባሕር መሻገሩ የሚያንገበግብ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ፤ ቀደም ብለን ቃል ገብተናልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናገለግልበት የነበረው ክፍል የኳስ ቡድን ለጦር ሠፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። እኛ የተጫዋች መራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርን። በመሐል ሜዳው ላይ ለብዙ ዓመታት የቆመ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበረ፤ ዕድሜው 37። ከሥሩ ደግሞ የ21 ዓመት ወታደር መጥቷል፤ ሳንባው የማይደክም፣ ኳስ ካየ የማይመለስ። የኮሚቴው ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፈለና በእኛ ላይ ወደቀ። እኛም «የዘመኑ ጨዋታ ፍጥነት ነው» ብለን ድምፃችንን ለወጣቱ ሰጠን። ይህን ዐረፍተ ነገር ከየትኛው ጋዜጣ እንዳነበብነው አናስታውስም። ምናልባት ራሳችን ጽፈነው ይሆናል።

እስከ ዕረፍት 1 ለ 0 መራን። ወጣቱ እንደ ፈረስ ሮጠ፤ ተመልካቹ አጨበጨበለት። ከዕረፍት በኋላ ተቃራኒዎቻችን ኳሷን ወደ ቀኝ መስመር ጎተት ሲያደርጓት ወጣቱ ተከትሏት ሄደ፤ መሐሉ ተከፈተ። አንድ ግብ ገባ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ አደረጉ፤ ያንኑ አደረገ፤ በዚያው በር ሁለተኛው ገባ። ሃምሳ አለቃው ከተቀያሪዎች ወንበር ተነሥቶ «ቦታህን! ቦታህን ጠብቅ!» እያለ ይጮኻል፤ በጭብጨባና በጥሩምባ መካከል ማን ይስማው? ዋንጫው 2 ለ 1 ሄደ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። በአራት ወር ልምምድ ውስጥ መሐል ሜዳን እንዴት እንደሚጠብቅ ያስተማረው አልነበረም፤ ሊያስተምረው የሚችለውን ሰው ደግሞ እኛ ወንበር ላይ አስቀምጠነዋል፤ ያውም ምክንያቱን ለራሱ ሳንነግረው። በስም ዝርዝሩ ላይ አንብቦ ነው ያወቀው። ይህ የዚህ ጸሐፊ ጥፋት ነው።

ሃምሳ አለቃው አልወቀሰንም። ሰኞ ከሥራ በኋላ ከልጁ ጋር ሜዳ ላይ አየነው። ልጁን ፊቱን ወደ ኳሱ አስዙሮ ያቆመዋል፤ እርሱ ከጀርባው ይቆማል፤ ሦስተኛ ሰው ከሩቅ ኳስ ይመታለታል። ኳሷ በመንገድ ላይ ሳለች ሃምሳ አለቃው ከኋላ ሆኖ ጣቶቹን ያነሣል፤ ሁለት፣ አራት፣ አንድ። ልጁ ኳሷ እግሩ ሳትደርስ በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አይቶ የጣቱን ቁጥር መጮኽ አለበት። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ሲያይ ኳሷ ታመልጠዋለች፤ ኳሷን ሲይዝ ቁጥሩ ያመልጠዋል። ሁለት ወር ሳይሞላው ሁለቱንም ያዘ። ይህን ትምህርት ሃምሳ አለቃው ከየት እንዳገኘው ጠይቀነው ነበር። «ሲደክመኝ ነው የተማርኩት» አለን።

ዘንድሮ ያው ኮሚቴ እንደገና ተሰበሰበ። ሃምሳ አለቃው አርባ ሊሞላው ነው። ከአባላቱ አንዱ፣ ቀና ሰው ነው፣ እንዲህ ሲል ተቃወመ፦ ለአርባ ዓመት ሰው የምንሰጠው አንድ የተቀያሪ ቦታ ለሃያ ዓመት ልጅ የምንነፍገው ቦታ ነው። እውነቱን ነው። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ወይ ወጣት ሆኖ አያውቅም፣ ወይ ረስቶታል። ማቴውስን ያነሣነውም ስለዚህ ነው። ያረጀ አማካይ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ይሰለፍ፣ አምበልነቱም ቦታውም እንደ ርስት ይጠበቅለት የሚል ሰው ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንቆምም። በመሐል ሜዳው ላይ ዛሬ ቋሚው ያ ልጅ ነው፤ መሆንም ያለበት እርሱ ነው።

እኛ ያቀረብነው ሐሳብ የተወሰነ ነው። ሃምሳ አለቃው በአሥራ ስምንቱ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ውጤት ይዘን ከሆነ፣ ወይም መሐሉ ተበታትኖ ከሆነ፣ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ይግባ፤ ከግራና ከቀኙ ሁለት የሚሮጡ ልጆች ይቁሙለት። ባልገባበት ቀን ልምምዱን እርሱ ይምራ፤ ይህም በወረቀት ላይ ይስፈር እንጂ እንደ ውለታ አይታይ። ደግሞም ዘንድሮ ከስም ዝርዝር ላይ እንዲያነብ ሳይሆን አስቀድሞ እንዲነገረው። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ብልጫ ተቀበለው። የተቃወመው ጓደኛችን አሁንም ልቡ አልረካም፤ ከውድድሩ በኋላ እንነጋገራለን ብሎናል።

ለሃምሳ አለቃው እንድንነግረው የተመረጥነው እኛው ነን፤ ያለፈው ዕዳችን ይታወቃልና። ወደ ስፖርት ዕቃ ክፍሉ ሄድን። ኳስ እየነፋ አገኘነው። ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርነው። ዝም ብሎ አዳመጠ። ስንጨርስ ኳሷን በአውራ ጣቱ ተጫነና ጥንካሬዋን መረመረ።

«ግጥሚያው በስንት ሰዓት ነው፣ ጌታዬ?»

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«በዘጠኝ ፀሐይ አለ፤» አለ። «እንግዲያውስ ከዕረፍት በኋላ ይሻለኛል።» ከዚያም የኳሶቹን መረብ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሜዳው ወጣ፤ ልጆቹ ሰዓት አልፏል ብለው ይጠብቁት ነበርና።